ክፍት ጠመንጃ፦ ለሸክላ ዒላማ ተኩስ ጀማሪዎች የልማድና የሥርዓት መመሪያ

በሸክላ ዒላማ ተኩስ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ዒላማውን እስታለሁ ብሎ ነው። ነባር ተኳሾች ግን በዚህ አይጨነቁም፤ በአንድ ዙር የሚወረወሩትን ሃያ አምስቱንም ዒላማ የሳተ ጀማሪ በፈገግታ ይታለፋል፣ ቀጣዩንም ዙር አብሯቸው እንዲተኩስ ይጋበዛል። እነሱ ዓይናቸውን የሚጥሉት ጠመንጃውን ከማኅደሩ እንዴት እንዳወጣው፣ አፈሙዙን ወዴት አዙሮ እንደሚሄድና ጥይት መቼ እንደሚያጎርስ ላይ ነው። በዚህ ስፖርት ጨዋነትና ደኅንነት የሚነጣጠሉ ነገሮች አይደሉም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የያዘው ሰው ያውቃል፤ አጠገቡ የቆመው ግን አያውቅም። ከዚህ በታች የተጻፉት ልማዶች አብዛኞቹ ባለጠመንጃው በልቡ የሚያውቀውን ሌላው ሰው በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ የሚያደርጉ ናቸው፤ ጀማሪው ይህን ከያዘ ዝርዝሩን ቢረሳ እንኳ ትክክለኛውን ነገር ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ዒላማውና ጨዋታው

ስሙ ሸክላ ይባል እንጂ የዛሬው ዒላማ ከሸክላ የተሠራ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከዝፍት ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የሚወጣ፣ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 105 ግራም ያህል ክብደት ያለው፣ የተደፋ ሳህን የሚመስል ነገር ነው። ስሙ የቀረለት ከጥንቱ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ይተኩሱ የነበረው ከሳጥን በሚለቀቁ ሕያው ርግቦች፣ ቀጥሎም በሚወረወሩ የመስታወት ኳሶች ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ ሰው ከሸክላ የተሠራ ጠፍጣፋ ዒላማ በስሙ አስመዘገበ። በዚህም ምክንያት በብዙ አገር ተኳሾች ዒላማውን እስከ ዛሬ “ወፍ” ወይም “ርግብ” ይሉታል። ተኳሹ ዒላማው እንዲለቀቅለት የሚጮኸው “ፑል” (በእንግሊዝኛ “ሳብ”) የሚለው ቃልም የሳጥኑ ክዳን በገመድ ይሳብ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው።

ጀማሪው የሚያገኛቸው ጨዋታዎች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። ትራፕ በሚባለው አምስት ተኳሾች በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ ዒላማውም ከፊታቸው ካለ ዝቅተኛ ቤት ወይም ቦይ ተነሥቶ ከእነሱ እየራቀ ይሄዳል። ስኪት በሚባለው አንዱ ከፍ ካለ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ቤት የሚወረወሩ ዒላማዎች በተኳሹ ፊት ይተላለፋሉ፤ ተኳሹም በግማሽ ክብ ዙሪያ በተደረደሩ ሰባት መቆሚያዎችና በመካከል ባለው ስምንተኛው ላይ እየተዘዋወረ ይተኩሳል። ስፖርቲንግ የሚባለው ደግሞ በዛፎችና በኮረብቶች መካከል ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው እየተጓዙ የሚተኩሱበት ነው፤ ዒላማው ከላይ ሊመጣ፣ ሊያቋርጥ፣ ወይም እንደ ጥንቸል መሬት ለመሬት ሊሽከረከር ይችላል። ትራፕ እ.ኤ.አ. በ1900፣ ስኪት በ1968 ኦሊምፒክ የገቡ ሲሆን፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት በተወዳደሩበት ስኪት ወርቁን የወሰደችው ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት። አካላዊ ጉልበት በዚህ ስፖርት ያለው ድርሻ ከሚገመተው በታች መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ይህ አንድ ምሳሌ ብቻውን ይበቃል።

ለመጀመር ትራፕ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በጓደኞች ብዛት የሚወሰን ይመስለኛል። ስፖርቲንግ ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሚኖሩ ጀማሪው ጊዜ ወስዶ መጠየቅ ይችላል። ትራፕ ላይ ግን ተራው እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተከታትሎ ስለሚሄድ፣ አንድ ሰው ጥይት ለመፈለግ ኪሱን ሲዳስስ ሌሎች አራት ሰዎች ይቆማሉ።

ከመሄድ በፊት

የራስን ጠመንጃ ገዝቶ መጀመር አያስፈልግም፤ አይመከርምም። ሰደፉ ለቁመትና ለክንድ ርዝመት የማይስማማ ጠመንጃ ጉንጭ ያቆስላል፣ ትከሻ ያሳምማል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን ከሚያይበት ሌላ ቦታ ይመታል። አብዛኞቹ ክለቦች ለጀማሪ የሚያውሱት ጠመንጃና አብሮ የሚቆም አሠልጣኝ ስላላቸው፣ ጥቂት ዙሮችን በውሰት ተኩሶ የሚስማማውን መለየት ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው ግን ዓይን ነው። እንደ እጅ ሁሉ ከሁለቱ ዓይኖች አንደኛው ገዢ ነው። ለማወቅ ሁለቱንም እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ መሥራት፣ በሁለት ዓይን በዚያች ቀዳዳ ሩቅ ያለ አንድ ነገር መመልከት፣ ከዚያም ዓይኖቹን በየተራ መጨፈን ነው። ነገሩ በቀዳዳዋ ውስጥ እንዳለ የሚቀረው ገዢው ዓይን ክፍት ሲሆን ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም፣ ነገር ግን ግራ ዓይኑ ገዢ የሆነ ሰው ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ ከቀኝ ትከሻው ቢተኩስ፣ ያልተረዳው ኃይል አፈሙዙን ከዒላማው ጎን እየጎተተ ያስተዋል። መፍትሔው ከግራ ትከሻ መተኮስን መለማመድ፣ ወይም የመነጽሩን የግራ መስታወት በትንሽ ወረቀት መሸፈን ነው። ይህን ሳያውቁ ወራት የባከኑባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መነጽርና የጆሮ መከላከያ በምርጫ የሚደረጉ አይደሉም። የዚህ ዓይነቱ፣ ከአንድ ጥይት ብዙ ትናንሽ እንክብሎችን የሚረጭ ጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ሲሆን፣ ይህም አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰማ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መጠን ነው፤ ጉዳቱም አይመለስም። መነጽሩን በተመለከተ ብዙዎች ለጠመንጃው ፍንዳታ ብቻ ይመስላቸዋል። በስኪት ሜዳ ላይ ግን በፊት ለፊት የተሰበረ ዒላማ ስብርባሪው ወደ ተኳሹ ይመለሳል፤ ከአጎራባች ሜዳም ጉልበታቸውን የጨረሱ የእርሳስ እንክብሎች እንደ ካፊያ ሲወርዱ ይሰማል፤ በቆዳ ላይ ምንም አያደርጉም፣ በዓይን ላይ ግን ያደርጋሉ። ስለዚህ ተመልካችም መነጽር ያደርጋል። ጋሻ ያለው ባርኔጣና ጣትን የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል። ደረቱ የተከፈተ ልብስ ደግሞ መቅረት አለበት፤ ከጎረቤት ጠመንጃ የሚፈናጠር ትኩስ ቀለህ ልብስ ውስጥ ሲገባ ሰውየው ጠመንጃ መያዙን ረስቶ የሚዘልለውን ዝላይ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ስለ ጥይት አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የጠመንጃው ስፋት 12፣ 20 እየተባለ የሚጠራው በአሮጌ ልኬት ነው፤ 12 ማለት በአፈሙዙ ስፋት ልክ የተድቦለቦሉ አሥራ ሁለት የእርሳስ ኳሶች በአንድነት አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ስፋቱ ይጠባል። አደጋው ከዚህ ይመጣል፦ የ20 ቁጥር ጥይት በስሕተት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ አይወድቅም፣ አይታይምም፤ ጥቂት ወደ ፊት ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ተኳሹ ቃታውን ስቦ ዝም ሲልበት ጥይት ማጉረሱን የረሳ መስሎት የ12 ቁጥሩን ከኋላው ያስገባል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አፈሙዙ የተኳሹ ግራ እጅ ካረፈበት አካባቢ ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ጥይት ቀለሁ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ፣ በአንድ ቦርሳ፣ ቢቻል በአንድ መኪና ውስጥ አለማድረግ ነው። ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ በሁለት የተለያየ ቁጥር ጠመንጃ ሲተኩሱና ጥይት ሲዋዋሱ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን።

ጠመንጃን መያዝ

የሜዳው ዋና ሕግ ጠመንጃ ከመተኮሻ መቆሚያው ውጭ ሁልጊዜ ክፍትና ባዶ ይሆናል የሚል ነው። ወገቡ ላይ ታጥፎ የሚከፈተው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በጀማሪዎች ዘንድ የሚመረጥበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ታጥፎ በክንድ ላይ ሲንጠለጠል ሊተኩስ እንደማይችል ሃያ እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው እንኳ ያያል። ከፊል አውቶማቲክ የሆነው ዓይነት እንዲህ ስለማይታጠፍ፣ መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ ክፍት ይሆናል፣ አፈሙዙም ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይያዛል፤ ብዙ ሜዳዎችም በጥይት መጉረሻው ውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ምልክት እንዲደረግ ይጠይቃሉ። ማንገቻ በዚህ ስፖርት አይደረግም፤ በትከሻ የተንጠለጠለ ጠመንጃ አፈሙዙ ከባለቤቱ ጀርባ ወዴት እንደሚያይ ባለቤቱ አያውቅምና።

ጠመንጃው ከማኅደሩ ሲወጣ አፈሙዙ ሰው በሌለበት በኩል ይዞራል፣ ወዲያውኑም ይከፈታል። የሚገጣጠም ከሆነ የሚገጣጠመው ከመኪናው አጠገብ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪና ላይ አስደግፎ መተው ከጀማሪ ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው፤ በሩ ሲዘጋ፣ ውሻ ሲያልፍ ወይም ነፋስ ሲመታው ይወድቃል፤ ባይፈነዳ እንኳ የአፈሙዙ ጫፍ ይቆለመማል። የጠመንጃ ማስቀመጫ መደርደሪያ የሌለበት ሜዳ የለም ለማለት ይቻላል።

ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪው ከፍቶ፣ መጉረሻውን ተመልክቶ፣ ክፍቱን ይሰጣል፤ ተቀባዩም ገና አሁን ሲታይ ቢያይም ራሱ መልሶ ይመለከታል። ይህ ሰጪውን አለማመን አይደለም፤ የሚቀየምም የለም። ሳይመለከት የሚቀበል ሰው ነው ቅር የሚያሰኘው። የሌላውን ሰው ጠመንጃ ሳይጠይቁ ከመደርደሪያው ማንሣት፣ ሳይጠይቁ መዝጋት ወይም ባዶ ቃታ መሳብ ደግሞ በየትኛውም ሜዳ ነውር ነው።

የቃታ መቆለፊያ መኖሩ ከዚህ ሁሉ ነጻ አያወጣም። መቆለፊያው በብዙ ጠመንጃዎች ላይ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ቢወድቅ ወይም ቢመታ በውስጡ ያለውን መምቻ ላይይዘው ይችላል። ልምድ ያላቸው ተኳሾች በመቆሚያው ላይ መቆለፊያውን ጨርሶ የማይጠቀሙትም ስለዚህ ነው፤ የሚታመኑት በተከፈተ ጠመንጃ ነው።

በመቆሚያው ላይ

ጥይት የሚጎርሰው ተኳሹ በመቆሚያው ላይ ቆሞ፣ አፈሙዙ ወደ ሜዳው ዞሮ፣ ተራው ሲደርስ ብቻ ነው። በትራፕ መስመር ላይ ብዙ ሜዳዎች የሚከተሉት ልማድ ጥይቱን አስገብቶ ጠመንጃውን ክፍት ይዞ መጠበቅ፣ ከጎን ያለው ሰው ከተኮሰ በኋላ መዝጋት ነው። የሚጎርሰው ጥይት ለዚያ ተራ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ አንድ ዒላማ በአንድ ጥይት የሚተኮስበት ጨዋታ ላይ ሁለት ያጎረሰ ሰው፣ አንዷ በውስጥ እንዳለች ረስቶ ሊዞር ይችላል።

መዞር ያልኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። በጀመርኩ ሰሞን ተከታታይ ዒላማዎች ስቼ ስቼ አንዱ በድንገት ጥቁር ጢስ ሆኖ በነነ። ከኋላዬ ሳቅና ጭብጨባ ተሰማ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት ከወገቤ ዞርኩ። ጠመንጃው እንደተዘጋ ነበር፣ ሁለተኛውም ጥይት ውስጡ ነበር። ጭብጨባው በቅጽበት ጸጥ ሲል፣ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ሲሉ አየሁ። አጠገቤ የነበሩት አረጋዊ አሠልጣኝ ሳይጮሁ መዳፋቸውን አፈሙዙ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ወደ ሜዳው መለሱትና፣ “ልጄ፣ መጀመሪያ ክፈተው፤ ከዚያ ትስቃለህ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከተኮስኩ በኋላ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ጠመንጃውን ይከፍታል። ጀማሪው ዒላማ መምታትን ከመለማመዱ በፊት ይህን አንድ እንቅስቃሴ ቢለማመድ፣ ማለትም መተኮስ፣ ወደ ሜዳው እንደተመለከቱ መክፈት፣ ቀለሁን ማውጣት፣ ከዚያ ብቻ ፊትን ማዞር ቢለምድ፣ ሌላው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።

የአፈሙዙን ጫፍ በጫማ ላይ ማሳረፍ በአንዳንድ ነባር የትራፕ ተኳሾች ዘንድ ይታያል፤ ለዚሁ የተሠራ የጫማ መሸፈኛም ያደርጋሉ። ይህ የሚቀዳ ልማድ አይደለም።

ተኩሱ ራሱ

መመሪያው ስለ ልማድ ቢሆንም፣ ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ጥቂት እንዲመታ የሚረዳው ነገር ቢነገር አይከፋም። ክብደት በፊተኛው እግር ላይ ያርፋል፣ ጉልበቱ በመጠኑ ይለቀቃል። ሰደፉ በደረትና በትከሻ መጋጠሚያ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይገባል፤ ከትከሻ የራቀ ሰደፍ ርግጫው የሚያምመው ስለሚገፋ ሳይሆን ስለሚመታ ነው። ጉንጭ ሰደፉ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ጀማሪ ዒላማው ተሰበረ ወይስ አልተሰበረም ብሎ ለማየት ሲቸኩል ቃታ በሚስብበት ቅጽበት ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ያን ጊዜ እርሳሱ ከዒላማው በላይ ያልፋል።

እንደ ሌላ ጠመንጃ ማነጣጠሪያና ዒላማን አስተካክሎ መጠበቅ እዚህ አይሠራም። በአፈሙዙ ጫፍ ያለችው ዶቃ የምትታየው በዓይን ጠርዝ ብቻ ሲሆን፣ ዓይን የሚተከለው በዒላማው ላይ፣ እንዲያውም በዒላማው ፊተኛ ጠርዝ ላይ ነው። ዶቃዋን የተመለከተ ሰው እጁ ይቆማል፤ እጁ የቆመ ሰው ደግሞ ከኋላ ይተኩሳል። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በፊት ለፊት የሚያቋርጥ ዒላማ በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል፤ እንክብሎቹ 30 ሜትር ለመድረስ የአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጅባቸዋል። በዚያች ጊዜ ዒላማው 2 ሜትር ሄዷል፤ ይህም አሥራ ስምንት ዒላማዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙት ርቀት ነው። ስለዚህ አፈሙዙ ዒላማውን ቀድሞ እየሄደ መተኮስ፣ ከተተኮሰም በኋላ ጉዞውን መቀጠል አለበት። ቀጥ ብሎ እየራቀ የሚሄድ ዒላማ ግን መቅደም አያስፈልገውም፤ ጀማሪን በትራፕ መካከለኛው መቆሚያ ላይ ማስጀመር የሚወደደው ለዚህ ነው።

ጥይት ሲከሽፍ

ቃታ ተስቦ ጥይቱ ካልጮኸ የመጀመሪያው ፍላጎት ከፍቶ ማየት ነው፤ መደረግ የሌለበትም እሱ ነው። አንዳንዴ ባሩዱ ዘግይቶ ይነሣል። አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞሩ፣ ጠመንጃውን ከትከሻ አውርዶ ፊትን ከመጉረሻው ራቅ አድርጎ፣ ነጻውን እጅ ማንሣትና ቢያንስ 30 ሴኮንድ መቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ ዳኛው ወይም አሠልጣኙ ባለበት ይከፈታል። የከሸፈችው ጥይት ወደ ኪስ አትመለስም፣ ለዚሁ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ትቀመጣለች እንጂ።

ከዚህ የከፋው የደከመ ድምፅ ነው። ከተለመደው ጩኸት ፈንታ እንደ ቡሽ አከፋፈት ያለ ቀጭን ድምፅ ከተሰማ፣ ርግጫውም ከቀለለ፣ በባሩዱና በእንክብሎቹ መካከል ያለው ውታፍ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሌላ ጥይት መተኮስ አፈሙዙን ያፈነዳዋል። እዚያው ቆሞ፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ፣ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን እስኪታይ ድረስ ማየት ግዴታ ነው፤ ይህ ቡድኑን ሁለት ደቂቃ ቢያስጠብቅ የሚያጉረመርም ሰው አይገኝም።

ከሰው ጋር መተኮስ

የቡድን ተኩስ ምት አለው። አንዱ ይጠራል፣ ዒላማው ይወጣል፣ ይተኮሳል፣ ቀጣዩ ይዘጋል፤ ማንም ሳይናገር ይህ ይቀጥላል። ሥነ ሥርዓቱ ሁሉ ይህን ምት ከመጠበቅ ይመነጫል። ዙሩ ከመጀመሩ በፊት 25 ጥይትና ጥቂት ትርፍ በኪስ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ስልክ ማጥፋት፣ ተራን ማወቅ፣ ሌላው ሊጠራ ሲዘጋጅ አለመንቀሳቀስና አለመናገር ይጠበቃል። በድምፅ የሚሠራ ማይክሮፎን ባለበት ሜዳ ላይ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ሳል ወይም ቀልድ የሌላውን ዒላማ ሊያስወረውር ይችላል።

መሬት የወደቀ ቀለህ ሌሎች እየተኮሱ ሳለ ጎንበስ ብሎ አይለቀምም፤ ዙሩ ሲያልቅ ይለቀማል፣ ያውም የሜዳው ደንብ ከፈቀደ። ቀለህ ወደ ቀኝ የሚያፈናጥር ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የያዘ ሰው በጎረቤቱ ጉንጭ ላይ እንዳይወረውር መያዣ ይገጥምበታል። በትራፕ አምስተኛው መቆሚያ ላይ ያለው ተኳሽ ወደ መጀመሪያው ሲዛወር ጠመንጃውን ከፍቶ ከሌሎቹ ኋላ ያልፋል፤ በፊታቸው አያልፍም። የራሱን የመጨረሻ ዒላማ የጨረሰ ሰውም ሌሎቹ እስኪጨርሱ ከመቆሚያው አይነቃነቅም። ከመተኮሻ መስመሩ ፊት መሄድ ደግሞ ሁሉም ጠመንጃዎች ተከፍተው ፈቃድ ሳይሰጥ በምንም ምክንያት፣ ውድ ባርኔጣ በነፋስ ተወስዶም ቢሆን፣ አይፈቀድም።

ነጥብ ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው ከደንቡ ካለማወቅ የመጣ ነው። ዒላማ ተመታ የሚባለው ቢያንስ አንድ በዓይን የሚታይ ስባሪ ሲወጣለት ነው፤ አቧራ ብቻ ተነሥቶበት ሙሉውን የሄደ እንደሳተ ይቆጠራል። ከማሽኑ ሲወጣ ተሰብሮ የወጣ ዒላማ ዋጋ የለውም፣ ይደገማል፤ ተኩሶ ስብርባሪውን ቢመታውም ሆነ ቢስተው ለውጥ አያመጣም። በዳኛው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ጠመንጃውን ከፍቶ እጁን ያነሣል፤ የጎረቤትን ነጥብ ግን፣ ካልተጠየቁ በቀር፣ መመስከር አይገባም።

ምክርም እንዲሁ ነው። በዚህ ስፖርት ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ያልተጠየቀ ምክር ሳይሆን አይቀርም። አንዱ “ከኋላው ነህ” ይላል፣ ሌላው “ከላዩ ነህ” ይላል፣ ጀማሪውም ሁለቱን ለማስደሰት ሲሞክር በመካከል ዒላማው ያልፋል። አንድ አሠልጣኝ ወይም አንድ ልምድ ያለው ሰው መርጦ የእሱን ብቻ መስማት፣ ለሌሎቹ አመስግኖ ማለፍ ይቻላል። በሌላው በኩል ጀማሪው “አዲስ ነኝ፣ ስሳሳት ንገሩኝ” ብሎ ከዙሩ በፊት ቢናገር ነገሩ ሁሉ ይቀልለታል፤ ቡድኑ ፍጥነቱን ያስተካክልለታል፣ ሲሳሳትም በቁጣ ፈንታ በትዕግሥት ያርመዋል። የደኅንነት እርምት ግን ከማንም ቢመጣ፣ ከልጅም ቢሆን፣ ሳይከራከሩ ወዲያውኑ የሚቀበሉት ነው። በመጠጥ ቀርቶ እንቅልፍ በሚያመጣ መድኃኒት ሥር ያለ ሰውም በዚያ ቀን ተመልካች ይሆናል።

ዙሩ ካለቀ በኋላ

ሰዎች ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይመሰጋገናሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ሁሉም ጠመንጃዎች ተከፍተው ባዶ መሆናቸው ከታየ በኋላ ነው። ቾክ የሚባለውን የአፈሙዝ ጫፍ ማጥበቢያ መቀየር የሚፈልግ ሰው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በድጋሚ ሳያይ ፊቱን ወደ አፈሙዙ አያቀርብም፤ ቾክ ሳይገጥምም አይተኩስም፣ ጥርሱ ይበላሻልና።

እንክብሎቹ በአብዛኛው እርሳስ ናቸው፤ የተኩሱ ጢስና የቀለሁ ጠርዝም በእጅና በልብስ ላይ የእርሳስ ትቢያ ይተዋሉ። ስለዚህ ከመብላት፣ ከመጠጣትና ሕፃን ከማቀፍ በፊት እጅና ፊት በሳሙና ይታጠባሉ፤ የተኩስ ልብስም ከሌላው ተለይቶ ይታጠባል። ጥይት በያዘ ኪስ ውስጥ የሚበላ ነገር መያዝ የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠመንጃው ወደ ማኅደሩ ከመግባቱ በፊት ሁለቱም መጉረሻዎች ይታያሉ፣ በትንሹ ጣትም ይዳሰሳሉ፤ የኪስ፣ የቀበቶና የቦርሳ ጥይቶች ወደ ሳጥናቸው ተመልሰው ይቆጠራሉ። ቤት ሲደርስ ጠመንጃው በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከመቆለፉ በፊትም አፈሙዙ በዘይት በራሰ ጨርቅ ተወልውሎ፣ አንድ ጊዜ ወደ መብራት ተይዞ በውስጡ ይታያል።